አዲስ ድሬድ ታስሮ ይታጠባል

አዲስ ድሬድ የጀመረ ሰው ከሁሉ በፊት የሚሰማው ምክር «ሦስት ወር ውሃ እንዳያገኘው» የሚል ነው። ፀጉር ቤት ይሉታል፣ ጓደኛ ይለዋል፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ባለ ድሬድም ይደግምለታል። ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ስንት ሰዓት ቁጭ ተብሎ የተጠመዘዘ ፀጉር አንዴ ሻምፖ ሲነካው ተተርትሮ ማየት ያማል። ገንዘቡንም፣ ጊዜውንም፣ የወገብ ሕመሙንም ውሃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ይፈራና ይተወዋል።

እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። አዲስ ድሬድ የሚፈታው ስለታጠበ ሳይሆን ሳይያዝ ስለታጠበ ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያውን ያመነ ሰው ለወራት ጭንቅላቱን እያከከ ይቀመጣል። ሁለተኛው የገባው ሰው ሃያ ደቂቃ ወስዶ ፀጉሩን ያስርና እንደማንኛውም ሰው ይታጠባል።

ይህን በቁም ነገር የምጽፈው ምክንያት አለኝ። በአገራችን ድሬድ ያለው ሰው «አይታጠብም» ይባላል። ቆሻሻ ነው፣ ሰነፍ ነው፣ ሌላም ሌላም ይባላል። እኛው ራሳችን ለጀማሪው «እንዳትታጠብ» እያልን ስንመክር ለዚህ ወሬ ማስረጃ እያቀበልን ነው። እናቴ ታናሽ እህቴ ድሬድ ልትጀምር መሆኑን ስትሰማ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችምም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ልጄ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚታጠበው?» ጥያቄው ትክክል ነው። መልስም ይገባዋል።

እህቴ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። ፀጉሯን ያስጀመርናት በትንሽ በትንሹ ከፍለን ሁለት ሁለት ክፋይ እየገመድን ነው። ከጭንቅላቷ ጀርባ ያለው ፀጉሯ ከርዳዳ ነው፤ ገና ስትጠመዝዘው እጅ ላይ ይቆልፋል። ከፊት፣ ግንባሯ አካባቢ ያለው ደግሞ ወደ ሉጫ ያደላል። አንድ ጭንቅላት ላይ ሁለት ዓይነት ፀጉር አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለው በአገራችን ብዙ ነው፤ ሲታጠብም የሚያስቸግረው ሁልጊዜ ያው የፊቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከርዳዳ ፀጉር ያለን ሴቶች ልጅ ሆነን ስንት ተብለናል። ሚዶው ሲሰበር ጥፋቱ የእኛ ነበር። ለበዓል ሲደርስ ወይ በእሳት ይተኮሳል ወይ በኬሚካል ይለሰልሳል። ለድሬድ ግን ከእሱ የተሻለ ፀጉር የለም። እያንዳንዱ ዘለላ ጥምዝምዝ ስለሆነ ጎረቤቱን ይይዛል፤ ከያዘም አይለቅም። ሉጫው ቀጥ ያለ ስለሆነ ይንሸራተታል። እህቴ ጀርባዋን እየዳሰሰች «ይሄኛው ጎበዝ ነው» ስትል ደስ ይለኛል። ስለ ራሷ ከርዳዳ ፀጉር እንዲህ ስትናገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ፀጉር ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ያወቀ ሰው ቀሪውን በራሱ ይደርስበታል። ፀጉር የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ቅርፁን ከሚይዙት ነገሮች አንዱ ሃይድሮጅን ቦንድ የሚባለው ደካማ ትስስር ነው። ውሃ ሲገባ ይህ ትስስር ይላላል። ሲደርቅ እንደገና ይያያዛል፤ የሚያያዘውም ፀጉሩ በዚያ ሰዓት ባለበት ቅርፅ ነው። የረጠበ ፀጉር ያብጣል፤ ሲስቡትም በርዝመቱ ላይ እስከ ሲሶ ጨምሮ ይለጠጣል። እንግዲህ አዲሱ ግምድ ሲረጥብ ለጥቂት ሰዓት ያለ መያዣ ይቀራል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት በሁለት እጅ ብታሹት ይፈታል። ተይዞ ቢቆይና በዚያው ቢደርቅ ግን ከበፊቱ ጠበቅ ብሎ ይወጣል።

ለዚህ ነው መታጠብ ድሬድን ይጠቅመዋል የምለው። ወዝ ያለበት ፀጉር አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ንጹሕ ፀጉር ግን ይያያዛል። በዚያ ላይ ከሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ይረግፋል። ሌላ ሰው ሲያበጥር ይወድቅለታል። ድሬድ ውስጥ ግን የረገፈው እዚያው ይቀራል፤ ከሌላው ጋር እየተጠላለፈ ድሬዱን ከውስጥ ያጠነክረዋል። በየጊዜው መርጠብና መድረቁ ይህን ሥራ ያፋጥነዋል። ሦስት ወር ሳይታጠብ የቆየ ራስ ላይ የሚጠራቀመው ወዝ፣ ፎረፎርና አቧራ ነው። እነሱም ቢሆኑ ድሬዱ ውስጥ ይቆለፋሉ፤ በኋላ ማውጣት መከራ ነው።

የመጀመሪያው ትጥበት መቼ ይሁን? በእኔ አስተያየት ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ። እስከዚያ ጭንቅላት ከበላ ጥጥ ላይ ውሃ የበዛበት ሻምፖ ጠብ አድርጎ በድሬዶቹ መሀል ያሉትን የመክፈያ መስመሮች መጥረግ፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጥጥ መድገም ነው። ድሬዱን መንካት አያስፈልግም፤ የሚያሳክከው ቆዳው ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ አስተሳሰሩ።

ፀጉሩ ደረቅ ሳለ ከማጅራት እንጀምራለን። ጎን ለጎን ያሉ አምስት ስድስት ድሬዶች ይወሰዳሉ። «ጎን ለጎን» የሚለውን አጥብቄ ነው የምናገረው፤ ከወዲያ ጥግ የመጣ ድሬድ ከዚህ ጋር ሲታሰር ስሩ በጎን ይሳባል። እነሱ ለሦስት ይከፈሉና እንደ ሹሩባ ይጎነጎናሉ፤ ግን ላላ ተደርጎ ነው። ከስሩ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ መጀመር ይሻላል፤ አለዚያ ውሃው ቆዳው ጋ አይደርስም። ፀጉር ሲረጥብ ያብጣል ብያለሁ፤ ደረቅ ሳለ ጠብቆ የተጎነጎነ ነገር ሲረጥብ ስሩን ይጎትታል። ወደ ጫፍ ሲደረስ የቀረው ጫፍ ወደ ላይ ይታጠፍና እጥፉ ላይ ላስቲክ ይጠመጠማል። ግምዱ መፈታት የሚጀምረው ከጫፉ ነው። ጫፉ ታጥፎ ከታሰረ የሚሄድበት የለውም። ጫፎቹ እርስ በርስ የሚተበተቡትም ልቅ ሲሆኑ ነው። ከቤት ሹራብ የምትሠራ ሴት ክሯን ከማጠቧ በፊት እዚህም እዚያም እንደምታስረው ማለት ነው፤ ያልታሰረ ክር ከሳፋ ሲወጣ መፍቻው አይገኝም።

ላስቲኩን በተመለከተ፣ የብር ማሰሪያውን ላስቲክ አትጠቀሙ። እሱ ሲወጣ ፀጉር ነቅሎ ነው። በጨርቅ የተሸፈነው ትንሹ የፀጉር ላስቲክ ጥሩ ነው። ከእሱም የምወደው ያረጀ ስቶኪንግ ነው። የስቶኪንጉን እግር በጣት ስፋት ቀለበት ቀለበት እያደረጋችሁ ቁረጡት። ከአንድ እግር ለሙሉ ጭንቅላት የሚበቃ ማሰሪያ ይወጣል። ለስላሳ ነው፣ ይለጠጣል፣ ፀጉር አይነቅልም፣ ገንዘብም አይወጣበትም። የታሰረው ጭንቅላት ሲያልቅ አሥር አሥራ ሁለት ትንንሽ እስር ይኖረዋል። በእስሮቹ መሀል የራስ ቆዳው ወለል ብሎ ይታያል። መታጠብ ያለበት እሱ ነው።

ሻምፖው በቀጥታ አይፈስም። አንድ እጅ ሻምፖ በአራት አምስት እጅ ውሃ ተበጥብጦ ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። የኬቻፕ ጠርሙስ በደንብ ታጥቦ ይሆናል። ከዚያ በየመስመሩ ቆዳው ላይ ጠብ ጠብ ይደረጋል። በጣት ሆድ፣ በጥፍር ሳይሆን፣ ባለበት ቦታ ጫን ጫን ማድረግ ነው። ክብ እየሠሩ ማሸት የለም፤ ክቡ ነው አዲሱን የስር ፀጉር ከጎረቤቱ ጋር የሚያቆላልፈው። ድሬዱን ራሱን ማሸት አያስፈልግም። አረፋው ሲወርድ በመንገዱ ያጥበዋል፤ ከላይ ወደ ታች በእጅ ጭምቅ ማድረግ ብቻ በቂ ነው።

ኮንዲሽነር ለጊዜው ይቅር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ፀጉሩ እንዳይደርቅበት ብሎ ይቀባዋል። የኮንዲሽነር ሥራ ግን ፀጉርን አለስልሶ ዘለላዎቹ እንዳይያያዙ ማድረግ ነው። እኛ የምንፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ድሬዱ ከበሰለ በኋላ ሌላ ጉዳይ ነው።

የአስተጣጠብ አኳኋንም ለውጥ ያመጣል። ብዙዎቻችን ጎንበስ ብለን ሳፋ ላይ ነው ራሳችንን የምንታጠበው። ለአዲስ ድሬድ ይህ አይሆንም። ጎንበስ ሲባል ፀጉሩ ሁሉ ወደ ግንባር ተገልብጦ ይወድቃል፤ ስሩ ከተከፈለበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይታጠፋል፤ የማጅራቱም ከፊቱ ጋር ይደባለቃል። ቀና ብሎ መቆም፣ ወይም በርጩማ ላይ ተቀምጦ ራስን ወደ ኋላ ዘንበል ማድረግ ይሻላል። ውሃው ፀጉሩ በሚወድቅበት አቅጣጫ ይውረድ።

እኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ይጠፋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እህቴን የምናጥባት ከጀሪካን በጆግ እየቀዳን ነው። ከሻወር የተሻለ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ኃይለኛ ሻወር አዲስ ግምድን ይደበድበዋል። ጆግ ግን በእጅ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ በፈለጉት መስመር ይፈሳል። አንድ ሰው ያፈሳል፣ አንድ ሰው ይጫናል። ሥራው የሁለት ሰው መሆኑም ደስ ይላል፤ እማዬ ጆጉን መያዝ ከጀመረች ወዲህ ስለ ድሬዱ ያላት ሐሳብ ተለውጧል። መጀመሪያ የወረደውን ውሃ ሳፋው ውስጥ አየችው፤ ግራጫ ነበር። ቤታችን በቀን ስንት ጊዜ ቡና ይቆላል፤ ዕጣኑም አይቀርም፤ ከግቢ ስትመለስ የባጃጁ አቧራ አለ። ሁለተኛው ውሃ ነጣ አለ። ሦስተኛው ጠራ። እማዬ «በቃ ታጥቧል» ብላ ጆጉን አስቀመጠች። «መቼ ነው የሚታጠበው?» የሚለውን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም።

ክረምት ላይ የጣራ ውሃ በበርሜል እናጠራቅማለን። ለፀጉር በጣም ጥሩ ነው። የዝናብ ውሃ ለስላሳ ስለሆነ ትንሽ ሻምፖ ብቻ ብዙ አረፋ ያወጣል። ከረጅም በጋ በኋላ የመጣውን የመጀመሪያውን ዝናብ ግን አንይዘውም፤ የጣራውን ጥላሸትና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ።

ማለቅለቁ ላይ አትቸኩሉ። ሻምፖ ድሬድ ውስጥ ከቀረ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል፣ ያሳክካልም። ውሃው ጠርቶ ከወረደ በኋላ አንድ ሁለት ጆግ መጨመር ነው።

አሁን የጅማን ነገር ላንሳ። ድሬዳዋ ያለ ሰው ስለ ማጠብ ብቻ ቢጨነቅ ይበቃዋል። እኛ ጋ ግን ዋናው ጭንቀት ማድረቁ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ ያለችው ጠዋት ላይ ነው፤ እሷም ከመጣች። ልብስ ሁለት ቀን ተሰጥቶ እርጥበቱ የማይለቅበት ጊዜ አለ። ልብስ እንዲህ ከሆነ ድሬድ ምን ይሁን? ከውጭ ደርቆ መሀሉ እርጥብ የሆነ ድሬድ ታፍኖ ሲያድር ይሸታል። እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲሰነብት የሚያወጣው ሽታ ነው። አንዴ ከገባ ደግሞ በሻምፖ ብቻ አይወጣም። ሰው «ድሬድ ይሸታል» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ነው። ድሬዱ ታጥቧል፤ አልደረቀም እንጂ።

ስለዚህ ሕጋችን ጠዋት መታጠብ ነው። ማታ መታጠብ በእኛ ቤት ክልክል ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ፀሐዩ ስላለ ችግር የለም፤ እህቴ ደጅ ወንበር አውጥታ እያጠናች ይደርቅላታል። ክረምት ላይ ቀን እንመርጣለን። ሰማዩ ገና በጠዋት ከከበደ ትጥበቱ ለነገ ይተላለፋል። ያለበለዚያ ፀጉር ቤት ሄዳ ካስክ፣ ማለትም ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ሙቀቱ ዝቅተኛው ላይ ሆኖ። በእጅ የሚያዘውን ፎን ለአዲስ ድሬድ አልመክርም። የሚነፋው አየር ኃይለኛ ስለሆነ ላይ ላዩን ያንጨባርረዋል።

ከውሃ እንደወጣ ፎጣ አትጠቀሙ ባልልም፣ ያረጀ የጥጥ ቲሸርት ይሻላል። ፎጣ ብናኝ ይለቃል። ብናኙ አዲስ ድሬድ ውስጥ ሲገባ ጥቁር ፀጉር ላይ ነጭ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ፀጉሩ ሲቆልፍም አብሮ ይቆለፋል። በቲሸርቱ እያንዳንዱን እስር መጭመቅ ነው፤ ማሸት የለም።

እስሮቹ መቼ ይፈቱ? ሙሉ በሙሉ እስኪደርቁ ሳይፈቱ የሚያቆዩ አሉ። ደረቅ አገር ላለ ሰው ጥሩ ነው። ጅማ ላይ ግን በእስሩ መሀል ያለው ፀጉር ቶሎ አይደርቅም። እኛ ውሃው መንጠባጠቡን ሲያቆምና ፀጉሩ ግማሽ ሲደርቅ አንድ በአንድ እንፈታለን። ላስቲኩ አልወጣም ካለ በመቀስ ይቆረጥ፤ መጎተት የለበትም። ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ይመጣል፤ ስር መለያየት።

አዲስ የበቀለው የስር ፀጉር ገና ልቅ ነው። ሲታጠብ ከአጠገቡ ካለው ጋር ይያያዛል። በዚያው ቢደርቅ ሁለቱ ድሬዶች ከስር አንድ ይሆናሉ፤ ከወራት በኋላ መለየት የሚቻለው በመቁረጥ ነው። እንዲህ ነው የማደርገው። መክፈያ መስመሩን ፈልጌ ሁለቱን ድሬዶች በሁለት እጄ ከስራቸው እይዝና ቀስ እያልኩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እለያቸዋለሁ። ቀጫጭን ድር የመሰሉ ዘለላዎች በመሀል ተዘርግተው ይታያሉ። አብዛኞቹ በትንሽ መሳብ ይለቃሉ። እምቢ ያለውን በጣት ጫፍ ወደ የቤቱ እመልሰዋለሁ። እርጥበት ስላለው አያምም። ይህ ሥራ ሲደርቅ ከተሞከረ ፀጉር ይበጥሳል። ሁሉም ከተለየ በኋላ ደጅ ወጥቶ መድረቅ ነው። ለመሸፈን ከመቸኮል በፊት ከድሬዶቹ አንዱን ወፈር ያለውን መሀሉን በከንፈር መንካት ነው። ቀዝቀዝ ካለ ገና እርጥብ ነው።

መሸፈን ካልኩ ስለ ጓደኛዬ ልንገራችሁ። ሂጃብ ትለብሳለች፤ ከሥሩ ደግሞ ቆንጆ ቀጫጭን ድሬድ አላት። ጅማ ውስጥ እንደ እሷ ያሉ ሴቶች ከምታስቡት በላይ ይኖራሉ፤ ስለማይታዩ ነው። መጀመሪያ ያሳሰባት የጀናባ ትጥበት፣ ማለትም ከግንኙነት በኋላ የሚደረገው ሃይማኖታዊ ትጥበት ነበር። ፀጉሯ ይፈታ ዘንድ ግድ ይሆን? ጠይቃ ያገኘችው መልስ በነቢዩ ሙሐመድ ባለቤት በኡሙ ሰለማ ሐዲስ ላይ የቆመ ነው። ኡሙ ሰለማ ነቢዩን «ፀጉሬን አጥብቄ እጎነጉናለሁ፣ ለትጥበት ልፍታው ወይ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ ነቢዩ «መፍታት አያስፈልግም፣ ሦስት እፍኝ ውሃ ራስሽ ላይ ማፍሰስ ይበቃሻል» ብለዋቸዋል። ይህ ልቧን አሳረፈላት። የቀረው ተግባራዊው ችግር ነው። እርጥብ ፀጉር ላይ ሂጃብ ማድረግ ከላይ ያልኩትን ሽታ የሚያመጣው ነው። እሷ ከሥራ ነፃ በምትሆንበት ቀን ጠዋት ትታጠብና ቤት ውስጥ ተገልጣ ታደርቃለች። ከሥሩ የምታደርገው ሻሽም ለስላሳ ሳቲን ነው፤ ሻካራ ጨርቅ አዲሱን ፀጉር እያሸ ያንጨባርረዋል። ሌሊት ለሚተኛ ሁሉ ይኸው ሻሽ ያስፈልገዋል፤ ወንዱም ቢሆን።

ስለ ቅባት ደግሞ ከእናቶቻችን ጋር ትንሽ እንጣላለን። ቅቤ ያልገባበት ራስ በእማዬ ዓይን የታመመ ራስ ነው። ለጋ ቅቤ አናት ላይ ሲደረግ የሚሰጠውን ደስታ እኔም አውቀዋለሁ። ለአዲስ ድሬድ ግን አይሆንም። ቅቤው ይቀልጥና ዘለላዎቹን ያንሸራትታል፤ አቧራ ይይዛል፤ በእኛ እርጥበት ደግሞ ይበሳናል። «የሐመር ሴቶች ቅቤ ይቀቡ የለም ወይ?» አለችኝ። ይቀባሉ፤ ከቀይ አፈር ጋር። እዚያ ቅርፁን አፈሩና ቅቤው አንድ ላይ ሆነው ከውጭ ይይዙታል። እኛ የምንጠብቀው ፀጉሩ ራሱ ከውስጥ እንዲቆልፍ ነው። ተስማማን ማለት አልችልም። ለራሷ እየተቀባች ለልጇ ግን ትታላታለች።

ከቅቤ የባሰው ሰም ነው። ከጅማ ዞኗ ጌራ በኩል የሚመጣው ማር ስመ ጥር በሆነበት አገር ሰም ማግኘት ቀላል ነው። ወጣት ወንዶች ድሬዱ ቶሎ እንዲይዝላቸው ይቀቡታል። ለጊዜው ይይዛል፤ ያጣብቀዋልና። ነገር ግን የንብ ሰም የሚቀልጠው 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ያን ያህል የሞቀ ውሃ የሰው ራስ ላይ ቢፈስ ያቃጥላል። ስለዚህ በማጠብ አይወጣም ማለት ነው። ውስጥ ይቀራል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ውሃ አላስገባም ይላል። እባካችሁ ሰም አትጠቀሙ።

እኛ ስንጠመዝዝ የምንጠቀመው ተልባ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተልባ በሁለት የቡና ብርጭቆ ውሃ ይፈላል። ማማሰያው ላይ ሲለጠጥ ይወርዳል፤ ሳይበርድ በስቶኪንግ ይጠለላል። ከበረደ አይጠለልም፤ ያጣብቃል። የሚወጣው ዝልግልግ ፀጉሩን ሳያከብድ ይይዛል፤ በሚቀጥለው ትጥበት ደግሞ በውሃ ብቻ ይሄዳል። ሲበዛ ደርቆ ይፈረፈራልና ጣት ላይ ትንሽ ብቻ። ፍሪጅ ከሌለ በሁለተኛው ቀን ይጣል። እሬትም ይሆናል፤ ከቅጠሉ የሚወጣው ቢጫው ፈሳሽ ቆዳ ስለሚያሳክክ ቀድሞ ይንጠባጠብና ውስጡ ብቻ ይወሰድ።

አጭር ፀጉር ላይ በሚዶ ወይም በስፖንጅ የጀመሩ ወንዶች መጎንጎን አይችሉም። ለእነሱ የሚሆነው ሙሉ ስቶኪንግ ነው። እግሩ ተቆርጦ አንድ ጫፉ ይቋጠርና እንደ ቆብ ራስ ላይ ይጠለቃል። ሻምፖው ከላይ ይፈስና በመዳፍ ጫን ጫን ይደረጋል። አረፋው በስቶኪንጉ ያልፋል፤ ግምዱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ጉድለቱ ቆዳው እንደ መጎንጎኑ በደንብ አለመጽዳቱ ነው። ስለዚህ ማለቅለቁ በዛ ማለት አለበት። የበላይነቱ ለመጎንጎን ነው፤ አማራጭ ለሌለው ግን ይህም በጣም ይረዳል።

ፊቱ እንደ እህቴ ሉጫ ለሆነ ሰው ማሰር ብቻውን ላይበቃ ይችላል። የእሷን የፊት ድሬዶች ስራቸውን በኪሮሽ መርፌ አሳልፈነዋል። የድሬዱ ጫፍ በራሱ ስር መሀል ተስቦ ያልፋል፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከጎን። ስሩ እንደ ቋጠሮ ስለሚሆን ሻምፖ አይፈታውም። ግን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ካለፈ መሀሉ ላይ ቀዳዳ ይሠራል፤ አቅጣጫውን መቀያየር ያስፈልጋል። ጠብቆ ሲሠራም ቆዳ ይስባል።

ይህ መሳብ ያሳስበኛል። ሰው ከታጠበ በኋላ ስሩ ትንሽ ሲንጨባረር ያያል፤ ተፈታ ብሎ ይደነግጣል። ወዲያው ይጠመዝዘዋል። በሚቀጥለው ሳምንትም ይደግመዋል። ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በየሳምንቱ የሚጠመዘዝ አዲስ ፀጉር የለም። የሚጠመዘዘው ያው የደከመው ፀጉር ነው። ስሩ ይሳሳል፣ ግንባር ላይ ያለው ይሸሻል፣ ቆይቶ ላይመለስ ይችላል። ሲጠመዘዝ ዓይን የሚያስነባ ከሆነ፣ ቆዳው ላይም ትንንሽ ቡግር ካወጣ፣ ሥራው ከመጠን በላይ ጠብቋል። ፀጉር ሠሪዋን «እትዬ፣ ላላ አድርጊልኝ» ማለት ነውር የለውም። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አንዴ መጠምዘዝ ይበቃል። በመሀል የሚታየው መንጨባረር የድሬዱ የዕድገት መልክ ነው፤ እኔ እንዲያውም ቆንጆ ይመስለኛል።

እስሩ ለዘላለም አይደለም። ማቆሚያው በእጅ ይታወቃል። ድሬዱን ከመሀሉ በሁለት ጣት ስትይዙት ጠጠር ያለ እብጠት ካገኛችሁ ውስጡ መቆለፍ ጀምሯል። እብጠቱ ወደ ጫፍ ሲወርድ፣ ጫፉም ሲረጥብ ራሱን ይዞ ሲቆም፣ ያ ድሬድ ሳይታሰር መታጠብ ይችላል። ሁሉም በአንድ ቀን አይደርሱም። ከርዳዳው ይቀድማል፣ ሉጫው ይከተላል። እህቴ የጀርባዎቹን አሁን ሳታስር ነው የምትታጠበው። የፊቶቹ ግን ገና ለስላሳ ስለሆኑ ሦስት እስር አድርገንላቸው ነው ውሃ የምናፈስባቸው፤ ክረምቱ እስኪወጣም እንደዚያው ይቀጥላሉ።